ወንጭፉ አይወጣም

ገንዳ ውሃ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለማይሰማው ወንድሜ ለደረበ ውባንተ
ሐዋሳ

አዝዬ ያሳደግሁህ፣ አሁን ግን በቁመትም በምላስም የበለጥከኝ ደሬ፣ እንዴት ከርመሃል? ሐይቁም፣ ሥራውም፣ ጓደኞችህም ደህና ናቸው? እኛ ጋ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሟል፤ ማሽላው ግን ፍሬ ይዟልና የግሪሳ ወፉ እንደ ልማዱ መጥቶብናል። አባባ ደህና ናቸው። «ደህና ነኝ በይው» ብለውኛል።

ኔትወርክ ይመለሳል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም፤ ስለዚህ ይህን ጽፌ ጎንደር ለሚሄደው አውቶቡስ ሹፌር ልሰጠው ነው። ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ባነበብኩት ቁጥርም ተናድጃለሁ። «እታለም፣ ወንጭፍ የሚለውን ካርታ ከጨዋታችን እናውጣው። ጉልበቱ አንድ ብቻ ነው፣ እጅ ያጣብባል፣ ጨዋታውን ያንዛዛል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆችም ተስማምተዋል። ማተሚያ ቤት ልንገባ ስለሆነ የቀሩትን ሥዕሎች ቶሎ ላኪልን» ይላል።

ልጆቹ ተስማምተዋል! ልጆቹ ማሽላ ሊጠብቁ ማማ ላይ ወጥተው ያውቃሉ? ግሪሳ ሲነሳ ሰማዩ እንዴት እንደሚጠቁር አይተዋል? እኔና አንተ ከመጂዳ ሱቅ በለመንነው የብስኩት ካርቶን ይህን ጨዋታ ስንሠራ የት ነበሩ? ያኔ መጀመሪያ የሣልኩት ካርታ ወንጭፉ ነበር። አንተ ደግሞ የድንጋዩን ቀለም ቀብተህ ልብስህን አበላሽተህ ተገርፈሃል። ረስተኸው ከሆነ እኔ አልረሳሁም።

ግን በንዴት ብቻ መልስ እንዳልሰጥህ ብዬ ካርታውን ፈተንኩት። የሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሳልፈትን አልፈርድም። ከሰዓት በኋላ ገበያተኛው ሲቀንስ ከመጂዳ ጋር ደጃችን ላይ ተቀምጠን እንጫወታለን። ደንቡ ያው ያንተው ነው። ሁላችንም ወንጭፍና ማሽላ ብቻ ይዘን እንጀምራለን፤ በማሽላው ከመሐል ውሻ፣ ጅራፍ፣ ጠመንጃ፣ ጥይት እየገዛን የየራሳችንን ክምር እናሳድጋለን፤ በየተራችን አምስት አምስት ካርታ እየሳብን እርሻችንን ከሚወጣው የግሪሳና የከርከሮ ካርታ እንጠብቃለን። እኔ እንዳልከው ወንጭፎቼን እያወጣሁ መሐል ጣልኩ። ክምሬ ቀጠነ፣ ጠመንጃው ቶሎ ቶሎ እጄ ይገባ ጀመር፣ መጂዳን አሸነፍኳት። ስንደግምም አሸነፍኳት። እሷም ነቃችና ወንጭፎቿን መጣል ጀመረች።

«ወላሂ ወንድምሽ እውነቱን ነው፤ ይሄ ካርታ ምንም አይረባም። ኸላስ፣ በቃ አውጡት!» አለችኝ።

እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ደካማ ካርታ ነው፤ ይህን አልክድህም።

ከዚያ አባባ «እኔም ልጫወት» አሉ። ዘንድሮ በእሳቸው ፈንታ ማማ ላይ የወጡት ጋሽ ፈንቴ ናቸው፣ ጎረቤታችን። አባባ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጠው የእሳቸውን ጩኸት ያዳምጣሉ፤ «ምሥራቁን ረሳው! አሁን ምሥራቁን ይበሉታል!» እያሉ ከዚህ ሆነው ይቆጣሉ። ካርታ ቢይዙ ይሻላል ብዬ አስገባኋቸው።

ምን ያደርጋሉ መሰለህ? እኔና መጂዳ የጣልነውን ወንጭፍ ሁሉ ይለቅማሉ። የተጣለ ካርታ ዋጋ ስለሌለው በነጻ ነው የሚያነሱት።

«አባ ውባንተ፣ ይተዉት እንጂ! ክምርዎን ያበላሽብዎታል» አለቻቸው መጂዳ።

«ልጄ፣ መሬት የወደቀ ወንጭፍ አይቼ አልፌ አላውቅም» አሏት።

ይሸነፋሉ፣ ከዚያ «በውዙ!» ይላሉ። እንደገና ይሸነፋሉ። እንደገና «በውዙ!»

ትናንት የግሪሳው ካርታ ወጣ። ግሪሳን ለማባረር አምስት ጉልበት ያስፈልጋል። እኔ ሁለት ጠመንጃ ይዣለሁ፣ ጥይቱ ግን ክምሬ ውስጥ ቀርቷል። መጂዳም እንደኔው። ጥይት አብሮ ካልወጣ ጠመንጃ አይሠራም ብለህ ደንብ ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እንግዲህ ማንን እንውቀስ? የሁለታችንም ማሽላ ተበላ። አባባ ጭናቸው ላይ ከደረደሯቸው ካርታዎች አንዱን አንስተው አስቀመጡ። ወንጭፍ። ሁለተኛውም ወንጭፍ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው መጂዳን አዩዋት፤ ከዚያ ማማ ላይ ሆነው ይጮኹት በነበረው ድምፅ «ሃይ! ሃይ!» ብለው ጣሉት። ጋሽ ፈንቴ ከማሳው ውስጥ «አቤት!» አሉ።

«ይሄስ ማጭበርበር ነው!» አለች መጂዳ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች። አባባም ሳቁ፤ እንደዚያ ሲስቁ ከመስከረም ወዲህ አላየሁም። ደስ አለኝ ደሬ፣ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ።

አሁን «አንድ ጊዜ የገጠመ ዕድል ነው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ። አውቃለሁ፣ ዕድል ነው፤ አስልቼዋለሁ። ሌላውን ጨዋታ ሁሉ ተሸንፈዋል። ካርታው ጠንካራ ነው አላልኩህም። ደካማ ነው፣ ግን አይወጣም። መጣል ካለበትም ተጫዋቹ በገዛ እጁ ይጣለው፤ የሚለቅመውም ይልቀመው። እናንተ ሐዋሳ ተቀምጣችሁ ማንም ሳይጫወትበት አትጥሉትም።

የከርከሮውም የውሻውም ሥዕል አልቆ ሣጥኔ ውስጥ ተቆልፏል። ወንጭፉ እንዳለ ይታተማል ብለህ እስክትጽፍልኝ ድረስ አንዱም አይመጣልህም። ጓደኞችህ ሌላ ሠዓሊ ይፈልጉ፤ ከርከሮን በሩቁም አይቶ የማያውቅ ሰው አሳማ ይሣልላቸው። ካላመንከኝ ደግሞ ራስህ ና። ከአባባ ጋር ተቀምጠህ ተጫወት። ካሸነፍካቸውና ከዚያም በኋላ ይውጣ ካልክ፣ እኔው ቀድጄ እጥለዋለሁ። በስልክ ግን አይሆንም።

እውነተኛው ወንጭፋቸው ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል። አቧራ ሳይበላው ላነሳው ብል «ተይው፣ እዚያው ይሁን» አሉኝ።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፣ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ። መጂዳም ሰላም ብላሃለች፤ የሐዋሳ ልጆች ከፈለጉ መጥተው ይግጠሙኝ ትላለች።

የማትለቅህ እህትህ
እስከዳር ውባንተ

ከስሜ በታች ያለው የተንጋደደ ፊርማ የአባባ ነው። ወንጭፉ አይወጣም በሚለው ተስማምተው ፈርመዋል። የፈረሙት በግራ እጃቸው ነው። ለምን በግራ እንደሆነ እንዳልጽፍልህ አስምለውኛል፤ አልጻፍኩልህም። ካርታው ተበውዞ ይጠብቅሃል።