ቁጥሩን ያልመቱት የአቶ ፎኮ ደይክሃውስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ፎኮ ደይክሃውስ ከአባታቸው ከአቶ ሃርም ደይክሃውስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስዋንትየ ቡርማ፣ በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር ኡስተርዲፕ በምትባለው የቦይ ዳር መንደራችን እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1946 ተወለዱ። ከጦርነቱ ማግስት ጎማ የሚባል ነገር ጠፍቶ ስለነበር አዋላጇ የመጣችው ቸርኬው ላይ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ በተጠመጠመበት ብስክሌት ነበር። ነፋሱም ፊት ለፊት ያዛት። ሕፃኑ ቀድሟት ተወልዶ ስለደረሰች፣ እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ፎኮ ሰው መጠበቅ የጀመረው በተወለደበት ቀን ነው» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ጨርሰው በ1958 ዊንሱም ወደሚገኘው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ገቡ። አሥራ አንዱን ኪሎ ሜትር በእናታቸው ብስክሌት ይመላለሱ ነበር። በ1962 የመንደሩ አንጥረኛና ብስክሌት ጠጋኝ በነበሩት በአቶ ኤፔ ሆልትማን ዘንድ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ሳምንት አቶ ራይንት ቦልማንም እዚያው ተቀጠሩ። ሁለቱ እኩያሞች ነበሩ፤ በቁመት ግን አቶ ፎኮ በአንድ ራስ ይበልጡ ነበር።

«አንተ አጭሩ፣ እግርህ ፔዳሉ ጋ ይደርሳል ወይስ በርጩማ ላምጣልህ?»

«አንተ የቦይ ምሰሶ፣ ለራስህ እዘን። ጉልበትህ አገጭህን እንዳይሰብረው!»

እንዲህ እየተባባሉ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ወናፍ ሠሩ። የተጠገነ ብስክሌት ለሙከራ ሲወጣ ለአቶ ራይንት ኮርቻውን ዝቅ አድርገው የሚያስሩላቸው አቶ ፎኮ ነበሩ። መለኪያ አያስፈልጋቸውም፤ ልኩ በእጃቸው አንድ ስንዝር ከአራት ጣት መሆኑን ያውቁታል።

በ1970 ከወይዘሮ ሂልየ ሜይንደርስማ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሙሽሮቹ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሄዱት አቶ ፎኮ ራሳቸው በጠገኑት የሁለት ሰው ብስክሌት ሲሆን፣ ሚዜው አቶ ራይንት ቀለበቶቹን በኮፍያቸው ውስጥ ይዘው ከኋላ ይከተሉ ነበር። ከዚህ ጋብቻ ጌዚና በ1972፣ ሄንድሪኬ በ1975 ተወልደዋል።

በ1971 አቶ ሆልትማን ሲያርፉ የሥራ ዕቃቸውን ለሁለቱ ሠራተኞቻቸው ተናዘዙ። መዶሻውና ጉጠቱ በስምምነት ተከፈለ። ብረት ላይ ፊደልና ቁጥር በመዶሻ የሚመቱባቸው መምቻዎች ያሉባቸው ሁለት ሳጥኖች ግን ዕጣ ተጣለባቸው። የፊደሎቹ ሳጥን ለአቶ ፎኮ፣ የቁጥሮቹ ሳጥን ለአቶ ራይንት ደረሰ። ከቁጥሮቹ መካከል አራት ቁጥር እግሯ የተሰበረ ነበረች። አቶ ፎኮም «ፊደሉ ለረጅሙ፣ ሰባራዋ ለአጭሩ» ብለው ስቀው ነበር። ይህን ዕጣ ያዩት ሁለቱና ወይዘሮ ሂልየ ብቻ ናቸው።

ወርክሾፑ ሲዘጋ አቶ ራይንት ፖስታ አዳይ ሆኑ። አቶ ፎኮ በውኃ ማውጫው ጣቢያ በመካኒክነት ተቀጥረው እስከ 2011 ድረስ አርባ ዓመት አገለገሉ። በሥራቸው ዘመን የመንደሯ ምድር ቤቶች አንድም ቀን ውኃ አልገባባቸውም።

በ1974 ሁለቱ ጓደኛሞች ከሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ጋር የኡስተርዲፕን የአሮጌ ብስክሌቶች ማኅበር መሠረቱ። ሁላችንም እንደምናውቀው በየዓመቱ በጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ አባላቱ ብስክሌቶቻቸውን ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጋር አስደግፈው ያቆማሉ። ማንም የማንንም ብስክሌት በዘንግ ላይ በታሰረች ትንሽ መስታወት ከሥር መመርመር ይችላል። ኋላ የተገጠመ ባዕድ ዕቃ ያገኘ ሰው ቀይ ክር ያስርበታል። በዚያን ቀን መንደሯ በጉራ ትሞላለች።

«ፈልግ፣ ፈልግ! ዓይንህ ይጠፋል እንጂ ክርህን የምታስርበት አታገኝም።»

«ይቺ ፋኖስ እኮ የትናንት ናት።»

«የትናንት? አያቴ ሚስቱን ያገኛት በዚች ፋኖስ ብርሃን ነው፤ አፍህን ሰብስብ!»

ወይዘሮ ትሪንየ የተባሉት አባል ደግሞ የብስክሌታቸውን ፓራፋንጎ በጨርቅ ሊወለውል የቀረበውን ሁሉ «ዝገቱ የአባቴ ነው! እጅህን!» እያሉ ያባርሩ ነበር።

ቀይ ክር የታሰረበት ሰው ይሳቅበታል እንጂ አይጠላም። ማኅበሩ የማይምረው ነውር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ቁጥር መምታት ነው። ከኮርቻው ሥር፣ የብስክሌቱ አጽም በሆነው ቴላዮ ላይ ያለው የፋብሪካ ቁጥር የብስክሌቱ የልደት ምስክር ስለሆነ፣ ያንን ፍቆ ሌላ የመታ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይፋቃል።

አቶ ፎኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመኙት አንድ ብስክሌት ነበር። በ1913 የተዘጋው የኖርደርሊክት ፋብሪካ ከአራት መቶ ቁጥር በኋላ ከሠራቸው ውስጥ በመላ ሆላንድ የተረፉት አራት ብቻ ነበሩ። አቶ ፎኮ አርባ ዓመት በሞላቸው ቀን አቶ ራይንት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው መጡ።

«ዓይንህን ጨፍን፣ የቦይ ምሰሶ። አሁን ግለጥ።»

የተራቆተ ቴላዮ ነበር። ቁጥሩ 417 ይላል። አቶ ራይንት ድሬንተ ውስጥ ከአንድ ገበሬ ጎተራ እንዳገኙት ተናገሩ። አቶ ፎኮ ሣሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። የጓደኛቸው ስጦታ ስለሆነም መስታወት አላነሡበትም።

ቀሪውን ለመሙላት ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። ደወሉን ያገኙት ሌውዋርደን ከሚኖሩ አንዲት መበለት ነው፤ የጣሪያቸውን አሸንዳ ጠግነው በምትኩ ተሰጣቸው። የካቴናውን ሽፋን ወይዘሮ ሂልየ ከሰም ጨርቅ ሦስት ጊዜ ሰፍተው ሦስት ጊዜ ፈቱት፤ በአራተኛው ተስማማ። በ1992 ቁጥር 417 ከግድግዳው ጋር ስትቆም ሠላሳ አንድ አባላት ሦስት ሰዓት ሙሉ መረመሯት። አንድም ቀይ ክር አልታሰረባትም። መጀመሪያ ያጨበጨቡት አቶ ራይንት ነበሩ።

በ2004 አቶ ፎኮ የመንደሯን ሙታን ከቤተ ክርስቲያን ወደ መቃብር የምታደርሰውን ባለ ሦስት እግር የጭነት ብስክሌት በእጃቸው ሠርተው ለማኅበሩ ሰጡ። የሚነዷትም ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ አርባ አንድ ሰው አድርሰዋል።

በ2009 የጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ፣ ዬሌ የተባለ አዲስ አባል ኃይለኛ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። በቁጥሩ ላይ የተከማቸውን ቀለም በፈቃድ ጠርጎ ሲያበራበት ከ417 ሥር የሌላ ቁጥር ጥላ ታየ። ብስክሌቷ ቁጥር ተመቶባታል።

«ፎኮ፣ አንተ ነህ?» አሉ አባላቱ።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

አቶ ፎኮ በዚያን ጊዜ ሊቀ መንበር ወደነበሩት ጓደኛቸው ዞሩ። ሁሉም አብሮ ዞረ።

«እኔ ስሰጠው ቁጥር አልነበረውም» አሉ አቶ ራይንት። «ባዶ ነበር።»

አቶ ፎኮ መስታወቷን ከዬሌ እጅ ተቀበሉና ጎንበስ ብለው አዩ። አራት ቁጥር እግሯ ተሰብሯል። ብዙ ካዩ በኋላ መስታወቷን መለሱ፤ ብስክሌታቸውን እየገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። የቁጥር መምቻው ሳጥን በማን ቤት እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። የአቶ ፎኮ ስም ከመዝገብ እንዲፋቅ ሃያ አራት እጅ ወጣ። መጀመሪያ የወጣው የሊቀ መንበሩ እጅ ነበር።

ወይዘሮ ሂልየ ሄደው ሁሉንም ሊናገሩ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆሙ።

«አትሄጂም።»

«ስምህን እኮ ነው የቀበረው!»

«ያውቃል። የሠራውን የማያውቅ ሰው ቢሆን እነግረው ነበር። እሱ ራሱ ይምጣ።»

እኛን ቤተሰቦቻቸውንም እሳቸው በሕይወት እስካሉ ድረስ አንዲት ቃል እንዳንተነፍስ አስማሉን።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የጰራቅሊጦስ ማግስት ሲደርስ አቶ ፎኮ ከረባታቸውን አስረው፣ የሁለት ብስክሌት ጎማ ነፍተው፣ የአንዱን ኮርቻ ዝቅ አድርገው በአጥራቸው በር ላይ ይቆሙ ነበር። አሥራ አራት ጊዜ ቆሙ። አቶ ራይንት አልመጡም። ቀድሞ በአቶ ፎኮ ቤት ደጅ ያልፉ የነበሩት ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ በቦዩ ማዶ መንዳት ጀመሩ። ከቤታቸው ትይዩ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ደወል ይደውላሉ። ከዚያ ያልፋሉ። አቶ ፎኮ ውኃው ዳር ቆመው ያዩአቸዋል፤ ደወል መልሰው ግን አያውቁም። ሄንድሪኬ አንድ ቅዳሜ «አባዬ፣ ለምን አትመልስለትም?» ብትላቸው «ድልድዩ የት እንዳለ ያውቃል» አሏት።

ቁጥር 417ንም አልጣሏትም። ዝናብ ነክቷት የማያውቀውን ብስክሌት በየዕለቱ ወደ ሥራ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ ወደ ገበያ ነዷት። የምትሸጥ እንደሆነ የጠየቃቸውን ሰው «ቁጥሯ ሐሰት ነው፤ እሷ ምን አደረገች?» አሉት። በብስክሌት ቁጥር ያላመናቸው መንደር ግን ሬሳውን አምኖ መስጠቱን አልተወም። ሰው በሞተ ቁጥር በራቸውን ያንኳኳል፤ እሳቸውም ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ይወጣሉ። ስማቸው እንዲፋቅ እጃቸውን ካወጡት ውስጥ ስድስቱን ወደ መቃብር ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ለአንዱም ፔዳል አላፈጠኑም።

በኖቬምበር 2022 የሳንባ ሕመም ጸናባቸው። በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በፈቃዳቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በኦገስት ወር፣ መቆም ገና በሚችሉበት ጊዜ፣ ብስክሌቶች ወደሚቀመጡበት ጎጆ በወይዘሮ ሂልየ ትከሻ ተደግፈው ሄዱና ሙታን ማድረሻዋን ብስክሌት አስወጡ። ቁልፋቸውን አንሥተው ኮርቻውን ፈቱ፤ ዝቅ አድርገውም በስንዝርና በአራት ጣት ለክተው አሰሩት።

«ለማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ሂልየ።

«ለአጭሩ።»

ኦክቶበር 9 ቀን 2023 ሰኞ ጠዋት፣ በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በማግስቱ የመጀመሪያ ልጃቸው ጌዚና ወደ አቶ ራይንት ቤት ሄዳ ወደ መቃብር የሚያደርሷቸው አቶ ራይንት እንዲሆኑ አባቷ መናዘዛቸውን ነገረቻቸው። አቶ ራይንት በሩን በግማሽ ከፍተው ሰሟት።

«ጉልበቴን ያመኛል፣ ልጄ። ከኮርቻው ደግሞ እግሬ አይደርስም።»

«ኮርቻው ዝቅ ብሏል።»

«ማን ዝቅ አደረገው?»

«አባዬ።»

በሩ ተዘጋ። ይህ ጽሑፍ እስከ ታተመበት ሰዓት ድረስ መልስ አልመጣም።

ይህ ታሪክ በሙሉ እንዲነበብ ያዘዙት ወይዘሮ ሂልየ ናቸው። ከቤተሰቡ አንዳንዶቻችን በቀብር ቀን ባይነገር ይሻላል ብለን ነበር። እሳቸው ግን «እሱ ዝም ብሎ ኖረ፤ እኔ ዝም ብዬ አልቀብረውም» አሉ። ስለዚህ በዚህ ቤተ ክርስቲያን በተሰበሰባችሁት ፊት እንመሰክራለን፦ አቶ ፎኮ ደይክሃውስ ቁጥር አልመቱም። የቁጥር መምቻ ሳጥንም በቤታቸው ኖሮ አያውቅም።

አቶ ፎኮ ባለትዳርና የሁለት ሴቶች ልጆች አባት፣ የአምስት ልጆችም አያት ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሂልየ፣ ልጆቻቸው ጌዚናና ሄንድሪኬ፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኅታቸው ወይዘሮ ፍሩክየ በኀዘን ቀርተዋል።

የዛሬው ጉዞ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ነፋሱም ከምዕራብ ነው። ብስክሌቷ ደጅ ላይ ቆማለች። አቶ ራይንት ከመጡ መንገድ እንድትለቁላቸው ቤተሰቡ ይለምናል፤ ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራቸው። ካልመጡ ኮርቻውን ከፍ የሚያደርግ ሰው አይኖርም። ባዶውን ይሄዳል፤ አባታቸውን ልጆቻቸው በእግራቸው ሆነው ብስክሌቷን እየገፉ ያደርሷቸዋል።

ሰውን ሁሉ ቁጥሩን ሳያይ የሚያውቅ አምላክ የአቶ ፎኮን ነፍስ በስማቸው ጠርቶ ይቀበል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ጠብቀዋልና፣ በዚያኛው በር ላይ እሳቸውን የሚጠብቅ አያሳጣቸው። አሜን።