ያለ ሁለታችን የማይከፈተው

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ክንፈሚካኤል፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን ጎረቤቴ ወይዘሮ ታንጉት ነግራኛለች፤ ዱርቤቴ ልጇን ልትጠይቅ በሄደች ቁጥር አንተ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት በኩል አልፋ አይታህ ትመጣለች። ከስቷል አለችኝ። ጺሙንም አሳድጓል አለች። እኔም ‹‹ምን አገባኝ!›› አልኋትና ጓዳ ገብቼ ቆየሁ።

ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ዱርቤቴ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ጠዋት ከዚህ ተሳፍሮ ቡሬ ላይ መኪና የቀየረ ሰው፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ለምሳ ይደርሳል። አንተ አልመጣህም፣ እኔም አልሄድሁም። ግትርነቱን ከማን እንደወረስነው አገር ያውቃል።

ይህን ደብዳቤ የምታገኘው ከላፕቶፑ ክዳን ሥር ነው። አዎ፣ ያው ላፕቶፕ ነው፤ አልሸጥሁትም። ታንጉትን ‹‹ጭንሽ ላይ አድርገሽ ያዢው፣ ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢልሽ እንዳትሰጪው›› ብዬ አስምዬ ነው የላክኋት። ለምን እንደላክሁት ልነግርህ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነብ ግን እንዳታበራው። ታላቅህ ነኝና ይህን ያህል ልዘዝህ።

ስትገዛው እንዴት እንደሳቅሁብህ ታስታውሳለህ? የኔታ ታመው ከገጠር አምጥቻቸው እኔ ቤት የተኙ ጊዜ ነው። (ይገርማል፣ አሁንም አባባ ማለት አልመጣልኝም፤ እኔና አንተ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እያልን አድገን እንዲያው ቀረን።) ‹‹ቅኔያቸው አብሯቸው ሳይቀበር በድምፅ እንቅዳው›› ብለህ፣ ከቡሬ ከያረጋል ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝተህ መጣህ። ብታበራው ጥቁር መስኮት ላይ አንዲት ነጭ ሳጥን ብቻ፤ የይለፍ ቃል አምጣ ትላለች። ፊትህን ማየት ነበር! በማግስቱ ቡሬ መልሰህ ወሰድኸው። ያረጋልም ‹‹የተቆለፈው ማሽኑ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ራሱ ነው። ፈትቼ ሌላ ማሽን ላይ ብገጥመውም አይከፈትም›› አለህ። ወደ ነቀምት የተዛወረውን የድሮ ባለቤቱን በስልክ አፈላልጎ ቃሉን እስኪያገኝልህ ሦስት ቀን ፈጀ።

ይህን ስትነግራቸው የኔታ ከተኙበት ተነሥተው ተቀመጡ። ያለ ደጋፊ ነው የተነሡት።

‹‹የገዛውም አይከፍተው? የሚጠግነውም አይከፍተው?›› አሉ።

‹‹አይከፍተውም፣ የኔታ።››

‹‹ጎሽ! ቁልፍ ማለት ይህ ነው። እንግዲያው እንደ ደብራችን እቃ ቤት አድርጉልኝ። የገበዙ ቁልፍ ብቻውን አይከፍትም፣ የሊቀ መንበሩም ብቻውን አይከፍትም። ግማሹን እህተ ማርያም ታብጅ፣ ግማሹን አንተ። አንዳችሁ የሌላውን እንዳታዩ።››

ለምን ስንላቸው ‹‹የቅኔ ሌባ ብዙ ነው›› አሉን። ምን የቅኔ ሌባ አለ እኔ ቤት! የፈሩት እኛን ነው። ከልጅነታችን ጀምረን በአንድ ገበታ ዙሪያ ጥግና ጥግ የምንቀመጥ ልጆቻቸው፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ ድምፃቸውን ለመስማት የግድ ጎን ለጎን እንድንቀመጥ ፈልገው ነው። ያኔም ገብቶኝ ነበር።

እኔ ስጽፍ አንተ ወደ ግድግዳው ዞርህ፣ አንተ ስትጽፍ እኔ ዞርሁ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው የጣታችንን ኳኳታ ይቆጥራሉ። ‹‹የእህተ ማርያም ስድስት፣ የክንፈሚካኤል ዘጠኝ። ሴቲቱ ቁጥብ ናት!›› ብለው ሳቁ። አንተም ሳቅህ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ ታገኘዋለህ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ቀዳሃቸው። አንተ የመጣህ ቀን ሌላ ሰው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ገንፎ አልቀምስም ብለው የሚያስለምኑኝ ሰው፣ ቅዳሜ ከጉባኤ ቃና እስከ ዕጣነ ሞገር ቅኔ ሲዘርፉ ይውላሉ፤ አንተ በአድናቆት ‹‹ይበል! ይበል!›› ትላለህ። እሑድ አንተ ስትሄድ ተመልሰው ይተኛሉ። ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ማገላበጡ የእኔ ነው። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ እየለመንሁ ሰባት ወር አስታመምሁ። በሰባት ወር የማስታውሰው ‹‹እህተ ማርያም፣ ውኃ›› የሚለውን ነው። ስሜን መጥራታቸውም አንድ ነገር ነው በል።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስሁ።

ያረፉት ሐሙስ ማለዳ ነው። ረቡዕ ጠዋት ‹‹ክንፈሚካኤል መጣ?›› አሉኝ። ‹‹መንገድ ላይ ነው፣ የኔታ›› አልኋቸው። ውሸቴን ነው፤ አልደወልሁልህም። ቀትር ላይ ደግመው ጠየቁኝ፣ እኔም ‹‹መንገድ ላይ ነው›› ብዬ ደገምሁላቸው። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ኔትወርክም ነበር። እስከ ቅዳሜ የሚቆዩ መስሎኝ ነው እያልሁ ለዘመድ ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ለንስሐ አባቴም ሳይቀር። አይደለም። ቅናት ነው። ያስታመምሁ እኔ ነኝ፣ የመጨረሻዋ ቀን እንኳ የእኔ ብቻ ትሁን አልሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ ሲያርፉ ደግሞ ‹‹መርዶ በስልክ አይነገርም›› አልሁ። ወግ ነውና ሁሉም ልክ ነሽ አለኝ። ለባልደረባህ ‹‹አባቱ ሕመሙ ጠንቶባቸዋልና ይምጣ በሉት›› ተብሎ ተነገረ፤ አንተ ዓርብ ስትደርስ ከተቀበሩ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ወጉን መደበቂያ አደረግሁት። ድንኳን ውስጥ ‹‹እታለም፣ ምን በደልሁሽ?›› ስትለኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ‹‹ገላቸውን ማን አጠበ? አንተ ነህ?›› ብዬ ጮኽሁብህ። ለተዝካራቸው ስትመጣም እንደ ሩቅ ዘመድ ከበሩ ዳር ተቀምጠህ፣ እጅህን ታጥበህ ሄድህ።

ቆይ፣ አላለቀም። የከፋው ይኼ አይደለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የኔታ ‹‹ያን ዕቃ አምጪው›› አሉኝ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ አላጠፋሁትም ነበር፤ ካጠፋሁት ያላንተ አይከፈትምና ክዳኑን ብቻ ዘግቼ ከመብራቱ ጋር እንደተሰካ ትቼዋለሁ። ከሶኬቱ ሳልነቅል አስጠጋሁትና መቅጃውን ከፈትሁላቸው። ‹‹አንቺ ውጪ›› አሉኝ። ወጣሁ። በሩን ስዘጋ አንዲት ቃል ሰማሁ፤ ‹‹ልጄ›› አሉ። ክንፌ፣ እኔን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። አንተንም ብለውህ የሚያውቁ አይመስለኝም። ጓሮ ወጣሁና የታጠበ ልብስ መልሼ አጠብሁ። ስመለስ ተናግረው ጨርሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቅጂውን አስቀመጥሁና ክዳኑን ዘጋሁ። በለቅሶው መሐል መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ድሮም የሞተ ነው። መብራቱ ሲመለስ ያቺ ነጭ ሳጥን ብቅ አለች።

አየህ፣ የኔታ ላንተ የተናገሩት ቃል አለ። እዚያ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ ይህን ሁሉ ጊዜ ደበቅሁህ። ብነግርህ መጥተህ ትከፍታለህ፤ ከፍተህም ‹‹እኅትህ መንገድ ላይ ነው ብላኝ ነበር፣ ምነው ቀረህ?›› ሲሉህ ትሰማለህ። ይህን ፈራሁ። አሁን ከሳቸው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው የጻፍሁልህ።

ልሰርቅህም ሞክሬአለሁ። ብቻዬን ልክፈተው፣ የሚያጋልጠኝ ካለበት ላጥፋው ብዬ። ዘጠኝ ፊደል መሆኑን ነግረውኝ የለ? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ ስገምት ከረምሁ። አምስቴ ከሳትሁ ይዘጋል፤ አጥፍቼ እንደገና አበራለሁ። የክርስትና ስምህን ሞከርሁ፣ ቅኔ የተማርህበትን ደብር ሞከርሁ። ልታገባት የነበረችው ፍሬሕይወት በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጻፍ ልክ ዘጠኝ ስትሆንልኝማ ‹‹ያዝሁህ!›› ብዬ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሷም አይደለችም። አንድ እሑድ ደግሞ፣ አትሳቅብኝ፣ አንተ እኔን የምትጠራበትን ስም ሞከርሁ፤ ዘጠኝ እንዲሞላልኝ ‹‹እታለምዬ›› ብዬ ለጥጬ። ምን ያህል ራሴን ብወድ ነው! አልከፈተም። አንድ ጣራ ሥር አብሮኝ ያደገ ወንድሜን ዘጠኝ ፊደል እንኳ አላውቀውም ብዬ ያን ቀን ምሳ ሳልበላ ዋልሁ።

ከፋሲካ ወዲህ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አመጣ። ባለፈው ሳምንት ቡሬ ያረጋል ዘንድ ይዤው ሄድሁ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

‹‹እትዬ፣ ይሄ ዲስክ እየሞተ ነው። ክረምቱን አይሻገርም።››

‹‹እና ገልብጥልኛ!››

‹‹ሳይከፈት አይገለበጥም። አዲስ ዲስክ ልግጠምልዎትና ማሽኑ ይሥራ፤ ይህን ይጣሉት።››

‹‹አንተን ይጣልህ!›› አልሁት። ምስኪን፣ ክው አለ። ከዚያ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ስልክ ሊያሠራ የቆመው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስሁ። ወንበር ሰጠኝና የቁልፉን ነገር ነገርሁት።

‹‹ሌላው ግማሽ የማን ነው?›› አለኝ።

‹‹የወንድሜ።››

‹‹ነፍስ ይማር። መቼ ነው ያረፈው?››

‹‹ኧረ በስመ አብ! ዱርቤቴ ነው ያለ!››

አፍጥጦ አየኝ። ‹‹ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል፣ እትዬ?›› አለኝ። ላፕቶፑን ብድግ አድርጌ ወጣሁ።

ስመለስ በሚኒባሱ ውስጥ ና ልበልህ ብዬ አስቤ ነበር። መጥተህ አንተ እንደ ገበዙ፣ እኔ እንደ ሊቀ መንበሩ ሆነን እንክፈተው፤ የኔታ የፈለጉትም ይህን ነው። ግን ና ካልሁህ ጎንህ ተቀምጬ ልሰማ ነው። እኔ ደግሞ ‹‹አንቺ ውጪ›› ተብያለሁ። የተነገረው ላንተ ነው። አንድ ጊዜ መሐላችሁ ገብቼባችኋለሁ፤ ሁለተኛ አልገባም። እንድትመጣ መያዣ ላደርገውም አልፈልግም። ስለዚህ ትእዛዛቸውን አፍርሼ ግማሼን ሰጥቼሃለሁ፤ ቢቆጡም በእኔ ይቆጡ።

በል እንግዲህ ስማ። መጀመሪያ መብራት ላይ ሰካው። ሳጥኗ ስትመጣ የእኔ ይቀድማል። ኤ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ኢ፣ ቲ፣ ኤም። ሁሉም በትንንሹ ፊደል። ክፍተት ሳታደርግ ያንተን ዘጠኝ አስከትል። ዘጠኙን ለእኔ አትንገረኝ፤ ያንተው ይሁን።

የእኔን አንብበኸዋል አይደል? ‹‹አልሰጥም›› ነው። ያን ቀን አንተ ስትመጣ ያለ ደጋፊ ተነሥተው ሲቀመጡ አይቼ አንጀቴ አርሮ ነበር፤ እኔ ሳነሣቸው በሁለት ሰው ነበር የሚነሡት። እልኼን ጻፍሁት፣ እሱም ቁልፍ ሆኖ ቀረ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አንተ ጎኔ ቆመህ ስትጠብቅ፣ ‹‹አልሰጥም›› እያልሁ እጽፍ ነበር። ይኸው፣ ሰጠሁ።

ከመስማትህ በፊት ሁሉንም ወደ ሌላ ገልብጠው፤ ያረጋል ደጋግሞ ያዘዘኝ ይህን ነው። ቅኔውን ለደቀ መዛሙርታቸው አዳርስ፣ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። የመጋቢት 13 ቀኑን፣ የዚያችን ረቡዕ ቅጂ፣ ግን ብቻህን ሆነህ ስማው። ለእኔ የተባለ ነገር ካለበት ንገረኝ፤ ተግሣጽም ቢሆን እችለዋለሁ። ከሌለም የለም በለኝ። ላጽናናት ብለህ እንዳትዋሸኝ፤ በዚህ ቤት የተዋሸው ይበቃል።

ይቅር በለኝ ብዬ ከምጽፈው ፊትህ ቆሜ ብለው ይሻለኝ ነበር። ሰምተህ ስትጨርስ ልትመጣ ካልፈለግህ አልፈርድብህም። ልትመጣ ከፈለግህ ግን ዝም ብለህ አትምጣብኝ። ቡሬ ስትደርስ ደውልና ‹‹መንገድ ላይ ነኝ›› በለኝ። ያን ቃል አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ ልስማው።

እኅትህ እህተ ማርያም፣
እታለም ትላት የነበረችው