ጀርባውን ለማሰራጫው ስለ ሰጠው አንቴናዬ

ለተከበሩ የሕንፃችን ውበትና ሥርዓት አስከባሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በኪስዎ የሚያድረው የጣሪያው በር ቁልፍ እንደምን ሰነበታችሁ? ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ዓይንዎን ያብራልኝ፤ አንገትዎንም ቀና ብሎ ጣሪያ ለማየት የሚበቃ ያድርግልኝ። እኔ አምስተኛ ፎቅ በስተግራ የምኖረው ሽማግሌ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም፤ ይህን የምትጽፍልኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጡረተኛ አስተማሪ ናት። እርሷ «ቅሬታ» ብላ ልትጀምር ነበር፤ እኔ ግን ምስጋና ነው ብያታለሁ። በተራ ቁጥር አድርጊው ያልኳትም የኮሚቴ ሰው ቁጥር የሌለውን ወረቀት አያነብም ሲሉ ስለ ሰማሁ ነው።

1ኛ. ከሦስት ወር በፊት በደረጃው ግድግዳ ላይ ላስለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። አስተማሪዋ «ለሕንፃው ውበት ሲባል በጣሪያ ላይ ያሉ አንቴናዎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ዋናው መንገድ እንዲያዞሩ ተወስኗል» ብላ ስታነብልኝ የምትቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። በማግስቱ ሠራተኛ ወጥቶ አሥራ ስድስቱንም ፎቶ እንደሚነሣ ሰው በአንድ ረድፍ አቆማቸው። ከመንገድ ማዶ ሆኜ አየኋቸው፤ እውነትም ያምራሉ። የሚያሳዝነው የቴሌቪዥን ማሰራጫው ማማ ከኋላችን ባለው ኮረብታ ላይ መቆሙ ነው። አንቴና ጆሮ ነው፣ ክቡር ሊቀመንበር፤ ጀርባውን ለተናጋሪው የሰጠ ምን ይሰማል? ማማው ማስታወቂያዎን አንብቦ ወደ መንገዱ በኩል እንዲዛወር ብንጠብቅም እስካሁን አልታዘዘም።

2ኛ. እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ሊያሸክመኝ ሲል «ልጄ፣ ለመልኩ ከሆነ ቤት ውስጥ ሚስት አለችኝ» ብዬው ነው የመጣሁት። ምሰሶውን በብሎን አጥብቄ፣ ዝናብ የአንቴናውን ሽቦ ተከትሎ ቤት እንዳይገባ ሽቦውን ከመስኮቱ በታች ጎበጥ አድርጌ፣ ፊቱን ጣት በጣት እያዞርኩ፣ አስተማሪዋ በእኛ ቤት መስኮት ብቅ ብላ «አሁን ጠራ፣ እንዳይነኩት» እስክትለኝ ድረስ ለፍቼበታለሁ። ስድስት ዓመት ነፋስ አላነቃነቀውም። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ይቸግራል ይባላል፤ እኔ ቆሜ የሰቀልኩትን ግን እናንተ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብላችሁ አዞራችሁት። ተረት መገልበጥ ቀላል ሥራ አይደለምና ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

3ኛ. ጉዳዬን ለማስረዳት ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላሳዩኝ ትሕትናም ላመስግን። ቁልፉን ለማግኘት አንቴናው የተሳሳተ መሆኑን ባለሙያ በጽሑፍ ያረጋግጥ አሉኝ። ባለሙያው ጣሪያ ወጥቼ ሳላይ አልፈርምም አለ። ዘበኛው ቁልፍ የሌለው ሰው ጣሪያ አይወጣም አለ። ቁልፉ ደግሞ ያለ ወረቀቱ አይሰጥም። ሦስታችሁም ልክ ናችሁ፤ እኔም በሦስት ልክ ሰዎች መካከል ሦስት ወር ተቀምጫለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ጣሪያ ከላዩ ሆኜ ከድኛለሁ፤ ከሥሩ ታፍኜ መኖርን ያስተማሩኝ ግን እርስዎ ነዎት።

4ኛ. «አባባ፣ ምን አደከመዎት፣ የቤት ውስጥ አንቴና ይግዙ» ብለው ስለ መከሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ገዛሁ። ሁለት ቀንድ ያለው፣ እግሩ አንድ ስንዝር የማይሞላ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ምንም የለም። ቁም ሣጥን ላይ ስሰቅለው ድምፁ ብቻውን መጣ። ድምፅ ለእኛ ቤት ምን ይሠራል? ባለቤቴ መስማት የተሳናት ናት፤ እኔና እርሷ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የተነጋገርነው በእጃችን ነው። በመጨረሻ የኩሽናው መስኮት ዘንድ ቆሜ በግራዬ መስኮቱን ተደግፌ ቀኝ ክንዴን ወደ ላይ ዘርግቼ ስይዘው ምስሉ ጠራ። ስለቀው ይበታተናል።

5ኛ. አስተማሪዋ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይሄ የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ ይቅር» ብላኝ ነበር፤ ጻፊ አልኳት። ሩቅ ከተማ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለችን። የአመሻሹ ዜና ሲነበብ በስክሪኑ ጥግ፣ የድስት ክዳን በምታህል ክብ ውስጥ ቆማ፣ ዜናውን በምልክት ቋንቋ የምትተረጉመው ሴት እርሷ ናት። ባለቤቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አትወርድም፤ ዓለሟ ከወንበሯ እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ዜናው ሲያልቅ ልጃችን እጇን ከማውረዷ በፊት የግራ እጇን አንጓ በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ታብሳለች። ሌላው ሰው ሰዓቷን የምታስተካክል ይመስለዋል። እናቷ አንጓዋ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለባት፤ በእኛ ቤት ያ ምልክት «እማዬ» ማለት ነው። በየትም ትምህርት ቤት አይገኝም። አለቆቿ ይህን ቢያነቡ ምን ይላሉ ብላ አስተማሪዋ ፈርታ ነበር፤ ሰዓቷን ያስተካከለችን ሴት ማን ይከሳል?

ክቡር ሊቀመንበር፣ ያቺ ምልክት ስትመጣ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞራ ትናገራለች። አየሃት? ከስታለች? ፀጉሯን ተቆረጠች እንዴ? ትለኛለች። እኔ ሁለቱም እጄ ተይዟል። እጄ ሲያዝ ደግሞ አንደበቴ ተያዘ ማለት ነው። ለሚስቴ ልመልስ ብዬ አንቴናውን ባወርድ ልጄ ስክሪኑ ላይ ትሰባበራለች፤ ልጄን ልያዝ ብል ሚስቴ ከግድግዳ ጋር ስታወራ ታመሻለች። ስለዚህ ራሴን እነቀንቃለሁ። ማንም አፌን አስይዞኝ የማያውቅ ሰው፣ የሚባለው ሁሉ ላይ ራሱን ብቻ የሚነቀንቅ የኮሚቴ አባል ሆኜ ቀረሁ። ባለፈው ሳምንት ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ሳለ አንድ ነገር ነገረችኝና በደንብ ሳላይ ነቀነቅኩ። ኋላ ስጠይቃት «በአካል ሳላያት እሞት ይሆን?» ነበር ያለችኝ። እኔም አዎ ብያታለሁ።

6ኛ. ስድስተኛ የለኝም። አስተማሪዋ ጥያቄ ይጨመርበት ስላለች አንድ ልጨምር፦ ቁልፉን ለግማሽ ሰዓት ያውሱኝ። ጣሪያ የምወጣው እኔው ነኝ፤ ከወደቅኩ በሥራዬ ላይ ነው የምወድቀው፣ ማንንም አልከስም። የቀሩት አሥራ አምስቱ መንገዱን እያዩ ይደሩ፤ የእኔ አንዷ ፊቷን ወደ ኮረብታው ብትመልስ ሕንፃው አንድ ጥርስ እንደ ተጣመመበት መልከ መልካም ሰው ይቆጠራል፤ ሰው ደግሞ በጥርሱ መጣመም አይፈርስም።

ማስታወቂያዎ ከተለጠፈበት ግድግዳ ላይ፣ ከእርሱ በታች በትሕትና ዝቅ ብዬ ይህን የማስለጥፍ፣ ለውበትዎ ሦስት ወር ክንዴን አንሥቼ የቆምኩ፣ ከአክብሮቴ ብዛት እጄን ማውረድ ያልቻልኩ፣ የአምስተኛ ፎቁ ቆርቆሮ መቺ ነኝ። ፊርማ ስለማልችል አሻራዬን አኑሬያለሁ፤ ቀኝ ክንዴ ከትከሻው በታች መውረድ ስላስቸገረው የግራ አውራ ጣቴ ነው።

ከግርጌ የተጨመረ፦ ከእኔ አሻራ አጠገብ አንዲት ትንሽ አሻራ ያያሉ። ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት እናትዎ ማክሰኞና ሐሙስ አመሻሽ ላይ «በሽተኛ ልጠይቅ» ብለው የሚወጡት ወደ እኛ ቤት ነው። የእርሳቸውም ስክሪን ከጠፋ ሦስት ወሩ ነው። በዚያ ጉልበታቸው ሦስት ፎቅ ወጥተው፣ እኔ ከሚስቴ ጋር እንድነጋገር ሩብ ሰዓት ያህል አንቴናውን ተቀብለውኝ ይቆማሉ። ለምን ለልጅዎ አይነግሩትም ብላቸው «ነግሬው ነበር፤ እማዬ፣ ማመልከቻ አስገቢ አለኝ» አሉ። እነሆ ማመልከቻቸው። አሻራዋን ማጣራት ካስፈለገ አይቸገሩ፤ በልጅነትዎ አፍንጫዎን ስትጠርግ የኖረችው አውራ ጣት ናት።