ሳያድር የተለካ ላስቲክ

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣ ለአቶ ዓለምብርሃን፤

እንዴት ሰነበቱልኝ? ብርዱ ሲገባ የሚነሣብዎት የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረዎት? እማዬስ እንዴት ናቸው? ሳላቸው ተሻላቸው? ዳጉሳው ታጨደ ወይስ ገና ቆሞ ነው? ቀዩ በሬ እግሩን ያነክስ ነበር ብላችሁኝ ነበር፣ እሱስ ዳነ? እኔና ሠርክአዲስ፣ እንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደችው የልጅ ልጅዎም፣ በእግዚአብሔር ቸርነት በአካል ደኅና ነን። በአካል ያልሁት ወድጄ አይደለም፤ ልቤ ደኅና አይደለም።

አባዬ፣ እርስዎ ደብዳቤ ሲመጣልዎ መነጽርዎን ጠርገው፣ እንደ ዳዊት ከመጀመሪያው ጀምረው ቀስ ብለው ነው የሚያነቡት። ስለዚህ ሰላምታውን ሳልጨርስ ዋናውን ነገር እዚህ ላይ ልጻፈው። ቅዳሜ በገነነ ሚኒባስ አይሳፈሩ። እርስዎም፣ እማዬም፣ ከቤታችን የሚነሣ ማንም ሰው አይሳፈር። ፍሬኑ አይታመንም፤ ጥፋቱም የገነነ ሳይሆን የእኔ የልጅዎ ነው።

«ለክርስትናው ስትመጡ የገነነን መኪና ኮንትራት ያዙ፣ ፍሬኑን በእጄ አሳድሼለታለሁ» ብዬ በሰው የላክሁብዎት እኔ ነኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። ባልናገር ኖሮ በትልቁ አውቶቡስ ትመጡ ነበር። ይህን ሳስብ እህል አልወርድልህ ይለኛል፤ ሠርክአዲስ ሰሐኑን እንዳቀረበችው ታነሣዋለች። እንቅልፍም ካጣሁ ሦስት ቀኔ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ሥራዬን ባለፈው ዓመት ሳጫውትዎ «ላስቲክ እየወጋ ደመወዝ የሚበላ ሰው አንተን አየሁ» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ያው ነው ሥራዬ። መለኪያዋ የኪስ ሰዓት የምታህል፣ በመዳፍ የምትያዝ ናት፤ ከሥሯ ደንዘዝ ያለ ጫፍ ያላት አጭር መርፌ አለቻት። ላስቲኩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጌ ቀጥ አድርጌ እጫናታለሁ። ላስቲኩ ልስልስ ከሆነ መርፌዋ ትገባለች፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል፤ ደረቅ ከሆነ መርፌዋን ይመልሳታል፣ ቁጥሩም ከፍ ይላል። ለምንሠራው የፕላስቲክ የፓምፕ ክዳን ደግሞ መርፌዋ የሾለ ሌላ መለኪያ አለች።

ጭንቀቱ ያለው የፍሬን ጎሚኒ ላይ ነው። ጎሚኒ ማለት የፍሬኑን ዘይት አፍኖ የሚይዝ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ላስቲክ ነው። ቁጥሩ ከስልሳ አምስት እስከ ሰባ አምስት ካልሆነ አንቀበለውም። ከዚያ በላይ ከደረቀ ብረቱ ላይ ደኅና አድርጎ አይቀመጥም፤ ዘይቱ ያመልጣል፣ ሾፌሩ ሲረግጠው ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ጎሚኒዋ ለመለካት ስለምታንስ፣ ከዚያው የላስቲክ ሊጥ ወፈር ያለ ቁራሽ አብረን እንጋግራለን። ቁራሹ አድሮ ከቀዘቀዘ በኋላ አምስት ቦታ እለካዋለሁ። ማደር አለበት፣ ሕጉ ነው። ትኩስ ላስቲክ እንደ ትኩስ ዳቦ ያታልላል፤ በማግስቱ ነው ድርቀቱ የሚታወቀው።

ኅዳር 11 ሐሙስ ነበር። በማግስቱ ሚካኤል ነውና እኛ ሥራ አንነካም፤ የማምረቻው ባለቤት አቶ አብዱሰመድም ዓርብን ለጁምዓ ይዘጋሉ። በዓሉና ጁምዓው አንድ ቀን ስለዋሉ ሁላችንም ያለውን ጨርሰን ለመውጣት እንጣደፍ ነበር። በዚህ መሀል ገነነ መጣ። ከባሕር ዳር ሰው ጭኖ ወርዶ፣ ፍሬኑ ዘይት እያንጠባጠበ ጋራዥ አቁሞታል። «ነገ የሚካኤል ተሳላሚ አሳፍራለሁ፣ እባክህ የአገሬ ልጅ፣ እስከ ቅዳሜ አታስቀምጠኝ» አለኝ። የአገሬን ሰው፣ የእናንተን ጎረቤት እንዴት እምቢ ልበል? ቁራሹን ከመጋገሪያው ብረት እንዳወጣሁት፣ እጄን እያቃጠለኝ በጨርቅ ይዤ ለካሁት። ሰባ ሁለት! ደስ አለኝ። ፈረምሁና ለገነነ አራቱንም እግር የሚሆን ጎሚኒ ሰጠሁት፤ ሲገጠምም አጠገቡ ቆሜ ቡሎን አቀብል ነበር። የቀረው ለሌሎች ሦስት መኪናዎች ሄደ።

ወይ እኔ! ይህን ከማንም በፊት ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ነዎት። አዲስ ምራን ሲቆርጡ ያን ዕለት ሞፈርና ቀንበር አያስሩበትም ነበር። ሰቅለው ያሳድሩትና ጧት በአውራ ጣትዎ ይጫኑታል፣ ያጥፉታል፣ ከዚያ ነው በሬ የሚጠመደው። አንድ ቀን ቸኩዬ ሳስርበት «እርጥብ ቆዳ ሁሉ ልስልስ ነው፣ ጠባዩ የሚታወቀው ሲያድር ነው» ብለው ፈትተው ጣሉት። እኔ ግን መለኪያ በእጄ ስለያዝሁ የእርስዎን አውራ ጣት ረሳሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የእኔ ግን ማን ለቅሞ ይጨርሰዋል?

ሰኞ ሥራ ስንገባ ያ ቁራሽ፣ ቅዳሜ ዞር ብዬ ያላየሁት፣ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ለሚቀጥለው ማነጻጸሪያ ይሆነኛል ብዬ እንዲያው በዋዛ መለኪያዋን ጫንሁበት። ሰማንያ ሦስት። መለኪያዋ ታማለች ብዬ አብራት በመጣችው ማረጋገጫ ላስቲክ ሞከርኋት፤ ደኅና ናት። ቁራሹን አምስት ቦታ ደገምሁት። ሰማንያ ሦስት፣ ሰማንያ አራት፣ ሰማንያ ሦስት። ለካ ሊጡ ላይ ላስቲኩን የሚያደርቀው ጥቁሩ ዱቄት በዝቶበት ኖሯል፣ ትኩሳቱ ነው የደበቀብኝ። ቁራሹን እንደያዝሁ ወደ ባለቤቱ ሄድሁ። ለአቶ አብዱሰመድ ስነግራቸው ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፣ አልጮሁም። «ለስንት መኪና ሄደ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ያ ዝግታቸው የባሰ አስፈራኝ።

ሁለቱን መኪናዎች እዚሁ ቡሬ መናኸሪያ አግኝተን አስፈታን። ሦስተኛውን ትናንት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ ጋራዥ አስገባሁት። የዚያ ሰውዬ ጎሚኒ ስትወጣ ጠርዟ ተሰነጣጥቋል፣ ዘይቱም ወደ ጎማው ወርዷል። አምስት ቀን ብቻ ነው የሠራችው፣ አባዬ። ሾፌሩ «ፔዳሉ ይጠልቅብኝ ጀምሮ ነበር፣ ነገ ዛሬ ስል» አለኝና ግንባሩን ያዘ። እኔ የእሱን መኪና እያየሁ የማስበው ስለ ገነነ መኪና ነበር። ያቺ ስንት ቀን ሠራች? ዛሬስ ከእንጅባራ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት እየወረደች ይሆን? ስልኩን ስደውል ውዬ ነበር፤ እናንተ ዘንድ ኔትወርክ እንደሌለ ያውቃሉ፣ የእሱም አይነሣም። አንዱ ሾፌር መራዊና ዱርቤቴ መሀል ሲመላለስ አይቼዋለሁ አለኝ። በሽታ የለብኝም፣ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ ነጋሪ ይመስለኛል።

ስለዚህ ነገ ጎሕ ሲቀድ እኔ ወደ መራዊ መናኸሪያ እሄዳለሁ። አድሮ የተለካ አዲስ ጎሚኒ በኪሴ ይዣለሁ። ምናልባት ከተላለፍን ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ለወዳጄ ለጠሃ የሰጠሁት። ጠሃ እህል ሊጭን ዱርቤቴ ይወጣል፤ ከዚያ በእግሩም ቢሆን ቤታችሁ ድረስ አደርሳለሁ ብሎ በአላህ ምሎልኛል። ለእሱ ጾም አይደለምና እርጎ ቅዱልኝ፤ ደክሞት ነው የሚደርሰው።

አባዬ፣ ጠባይዎን አውቀዋለሁ። «ለሰው ልጅ ቃል ሰጥቼ፣ መኪናውን ከሥራ አስቀርቼ እንዴት አልሳፈርም» ይላሉ። ነውሩን እኔ ልሸከመው። ለገነነ ልጄ ከለከለኝ ይበሉት፣ ከፈለገም መጥቶ ይስደበኝ። ትልቁን አውቶቡስ ካጣችሁ ቅሩ። ሰማንያ ቀኗ እሑድ በጽዮን ማርያም ዕለት ይሞላል፣ ክርስትናዋም ይነሣል፤ የክርስትና እናትም ከዚሁ ከቡሬ እለምናለሁ። ያለ እናንተ ማስነሣት አንጀቴን ይበላዋል። ቢሆንም ልጄን ያለ አያቶቿ ክርስትና ባነሣ ይሻለኛል፣ ተዝካራችሁን ከማወጣ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ልቀጥል። ለእማዬ እታለም እጅ ነሥቻለሁ፤ ስልጆውን እንደቋጠሩ አውቃለሁ፣ ይቆየን። ለእህቴ ለውዳሴ፣ ለዚህ ጉዞ ብላ የተሠራችውን ሹሩባ ሳላየው ብትቀር አትቀየመኝ። ለአክስቴ ለንግሥቴ፣ መንገድ ሲያጥወለውላቸው በመስኮቱ በኩል ነው የሚቀመጡት። ለእህተ ማርያም፣ ለልጄ የክርስትና እናት ልትሆን ማተቡን ገምዳ ለጨረሰችው። ይኸው አባዬ፣ ሰላም የምላቸውን ሰዎች ስቆጥር ያቺን መኪና ወንበር በወንበር እየሞላኋት ነው።

ምልክቱ ይህ ነው። ገነነን ካገኘሁት ፍሬኑን አስፈትቼ አዲሱን አስገጥማለሁ፤ ከዚያ በኋላ ከእሱ አልለይም። ቅዳሜ ጧት መኪናዋ ስትመጣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ያዩኛል፣ ያን ጊዜ ተሳፈሩ። ገነነ ብቻውን ከመጣ ግን፣ «ክንዱ ሠርቶልኛል፣ ክንዱ ነው የላከኝ» ብሎ በሚካኤል ቢምልልዎ እንኳ አይሳፈሩ። አንድ ጊዜ ቃሌን አምናችሁ ነበር። አሁን ቃሌን ተዉትና ሰውነቴን እዩ። ከፊት ወንበር ላይ እኔ ከሌለሁ፣ መኪናዋ ባዶዋን ትሂድ።

ልጅዎ ክንዱ ዓለምብርሃን

ቡሬ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.