ያልቀበርኩት ሳንቲም

እሁድ፣ ግንቦት 9 ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

አንተ ደህና ከሆንክ እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብቻ አትጠይቀኝ። ለምን እንዳመመኝ ልንገርህና ለአባትህ ትንፍሽ እንዳትል።

አባትህ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ሲቆጣጠር ይውል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቶ አልበቃ ብሎት፣ ይሄኛው አራት ደቂቃ ዘገየ፣ ያኛው ፍሬን ላይ ይቸኩላል እያለ ደብተር ላይ ይጽፋል። ምሳ ቢቀርብለት ነካ ነካ አድርጎ ይተወዋል።

የላክህለት ብረት መፈለጊያ ሲደርስ ትንሽ ነፍስ ዘራ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ ያን ረጅም ዘንግ እያወዛወዘ ወንዙ ዳር ወዳለው መናፈሻ ወረደ። በመጀመሪያው ሳምንት ይዞ የመጣው አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪና ሚስማር ነው። በሁለተኛው የመናፈሻውን የውሃ ቧንቧ አግኝቶ ነቅሎ ሊያወጣ ሲታገል አትክልተኛው ደረሰበት። ምን እንዳለው አልነገረኝም፤ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ገባና ማሽኑን በር ኋላ አቁሞ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

አንጀቴ አልቻለም። በማግስቱ ከገበያው ጀርባ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ሰውዬ ጥንታዊ የሚመስሉ ሳንቲሞች ገዛሁ። አባትህ ፀጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ፣ መናፈሻው ውስጥ በወጥ ጭልፋ ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ከዚያ እስኪ አንድ ቀን ደግሞ ሞክር ብዬ ገፋፋሁት።

ያን ቀን ሲገባ ባየኸው። ሳንቲሞቹን በጥርስ ብሩሽ ሲፈትግ አመሸ፤ ብሩሹ ደግሞ የኔ ነው። ራቱንም ጨምሪልኝ ብሎ በላ።

እኔም ለመድኩት። በየሳምንቱ እገዛለሁ፣ እቀብራለሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ተንበርክኬ ስቆፍር ደረሰችብኝ። የአበባ ዘር እየተከልኩ ነው አልኳት። ይኸው እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ውሃ ታጠጣልኛለች፤ ምነው አልበቀለም እያለችም ታዝንልኛለች።

ነገሩ የከረረው አባትህ መጽሐፍ ማገላበጥ ሲጀምር ነው። የአምስት አገር ሳንቲም ከአንድ ጉድጓድ ስላወጣ፣ እዚህ ጥንት ትልቅ የነጋዴዎች ከተማ ነበረ ብሎ ደመደመ። ደምድሞም አልቀረ፣ ለሙዚየም ጻፈ። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ወጣት ባለሙያ ማጉያ መነጽሯን ይዛ መጣች። ሳንቲሞቹን አየች፤ የቆርኪውን ጣሳ ሳይቀር በረበረች።

እኔ ጉዴ ሳይወጣ ልቅደም አልኩ። ሻይ ሳፈላ አግዢኝ ብዬ ወደ ማእድ ቤት ጠራኋትና ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሳልጨርስ ሳቋ አመለጣት። ለካ ከሳንቲሞቹ አንዱ ማንጠልጠያው ተሞርዶ የወጣ የኮት ቁልፍ ኖሯል። ለአባትህ እንደማትናገር ቃል ከገባችልኝ በኋላ መዳፏን ከፈተች። ከጥፍር የማትበልጥ፣ ጥቁር ሳንቲም ይዛለች።

«ይቺንስ ከየት ገዟት?» አለችኝ።

አገላብጬ አየኋት። «ይቺን እኔ አልገዛሁም» አልኳት።

ሳሎን ተመልሳ አባትህን ስትጠይቀው፣ ድልድዩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር እንዳወጣትና ስላላማረችው ከቆርኪው ጋር እንደጣላት ነገራት። ልጅቷም ብዙ መቶ ዓመት የቆየች ናት፣ ሙዚየም መግባት አለባት አለችው። ቅጽ አውጥታ የአግኚውን ሙሉ ስም ጠየቀች። አባትህ ከወንበሩ ተነሣ። የራሱን፣ የአባቱን፣ የአያቱን ስም ቆሞ፣ ፊደል በፊደል አስጻፋት። ያን ሁሉ ዘመን ስንቱን ሰው አሳፍሮ ሲያወርድ ስሙን የጠየቀው አልነበረም።

እሷ ስትወጣ ግን አኮረፈ። «ይቺ ልጅ ሥራዋን አታውቅም» አለኝ፤ «ያን ሁሉ የሚያብረቀርቅ ትታ ቆሻሻውን ይዛ ሄደች።»

ምን ልበለው? ራሱ ያገኘው ያቺን ብቻ መሆኑን ብነግረው የቀረውንም መናገሬ ነው። ዋጥኩት። ለጊዜው፣ ጉልበቴ እስኪሻለው፣ መቅበሩን አቁሜያለሁ።

ልጄ፣ ማታ ማታ ደውል። እስከ ዛሬ «ደህና ነኝ» ብሎ ስልኩን ለኔ የሚያቀብለው የሚነግርህ ስላልነበረው ነው፤ አሁን አለው። ስለ ነጋዴዎቹ ከተማ ሲያወራ እንዳትስቅ። ስለ ጥቁሯ ሳንቲም ግን ጠይቀው፣ ሌላ ቀንም ደግመህ ጠይቀው። እኔ ብጠይቀው ይነቃብኛል።

እጅህ የነካው ይባረክ፤ የሰው ፊት አያሳይህ።

እናትህ