ልጁን ፊደል ያስቆጠረው ማን ነው?

ይድረስ ለአባቴ፣

ከተለዩን ሁለተኛው ክረምት እየወጣ ነው። ሐይቁ ዘንድሮ ሞልቶ ደንገሉን እስከ ወገቡ ውጦታል፤ ከሰዓት በኋላ ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይም ውኃ ውስጥ ነው። ቤት ደኅና ነን። ከጓሮ የተከሉት ሎሚ አፍርቶ ጎረቤቱ ሁሉ ሲለቅም ከረመ። ባለቤቴ አልማዝ ዛሬም ሻይ ስታፈላ ተሳስታ የእርስዎን ስኒ ታወርዳለች። እስከ ዛሬ አንዲት መስመር ያልጻፍሁልዎ ስላልናፈቁኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ባለፈው እሑድ አልማዝ ሳጥንዎን ፀሐይ ልታስመታ ስትከፍተው፣ ከቀለም ቀንድዎና ከመቃ ብርዖችዎ ሥር የመሠረተ ትምህርት ደብተርዎን አገኘች። አምጥታ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ግን በአፌ አውጥቼ ነግሬዎ አላውቅም። ወደ ባሕር ዳር መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከመጀመርዎ በፊት፣ መሥሪያ ቤቴ ለትምህርት እንዲልከኝ ቅጽ ሞልቼ ነበር። ቅጹ የአባትን ሥራ ይጠይቃል። ዕድሜዎን ሙሉ ዘጌ ላይ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ሲገለብጡ የኖሩትን ሰው «ገበሬ፤ ማንበብና መጻፍ የማይችል» ብዬ ጻፍሁ። በዚያ ሰሞን የቤተ ክህነት ሰው ልጅ መባል የሚያስጠረጥረኝ መስሎኝ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ቅጹን የተቀበለኝ ባልደረባዬ የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት መዝጋቢም ነበር። አንድ ቅዳሜ መዝገቡን ይዞ ደጃችን መጣ። እርስዎ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። «አባቴ ፊደል አልቆጠሩም» አልሁት፣ እርስዎ እየሰሙ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ቀለም የማይለቀውን ጣትዎን ጋቢዎ ውስጥ ከተቱና «መማርስ ደግ ነው፤ መዝግበኝ፣ ልጄ» አሉት። ውሸት እንኳ ከአፍዎ ሳይወጣ እኔን አዳኑኝ።

ወራቱን ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀሩ ተማሩ። አንድ ቀን ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሥራ ስመለስ፣ በምትማሩበት ዋርካ ሥር ጠላ ከምትሸጥ ሴትና ከአንድ ተሸካሚ መካከል ተቀምጠው አየሁዎ። አስተማሪዋ እጅዎን ይዛ «ሀ»ን ታስጽፍዎታለች። ያ እጅ ስንት ዳዊት ጽፏል! ብስክሌቴን አዙሬ በሌላ መንገድ ሄድሁ።

ከዚያም የባሰ አደረግሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ስጀምረውና ስተወው የኖርሁት ልብ ወለድ በዚያ ዓመት መላ አገኘ፤ የተማረ ልጅ ማይም ገበሬ አባቱን ፊደል ሲያስቆጥር። አንዱን ምዕራፍ በቀበሌው አዳራሽ ሳነብ እርስዎም ነበሩ። ሰው እንባውን ጠረገ፣ አጨበጨበ፤ እርስዎም አጨበጨቡልኝ። በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ «ደኅና አድርገህ ጽፈኸዋል። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ ልጁንስ ፊደል ያስቆጠረው ማን ነው?» አሉኝ።

«ትምህርት ቤት ነዋ!» አልሁ።

«እህ» አሉ። እኔ ግን በሐሳቤ ዘጌ፣ ከቡናው ሥር፣ ጉልበትዎ ላይ ነበርሁ። በስንደዶ እያመለከቱ ሀ ሁ ያስብሉኛል። እኔ በቃሌ ይዤ እንደ ውኃ ስወርደው፣ ተንኮሌን ያውቁታልና ድንገት ከታች ይጀምሩብኛል። ጠፍቶብኝ ስቁለጨለጭ ይስቁብኝ ነበር። ይህን ሁሉ እያስታወስሁ አፌን ያዝሁ፤ በግንቦት አረፉ፤ ጥያቄዎ እውነተኛ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

እሑድ ዕለት ደብተርዎን ገለጥሁት። ፊደሉ ሁሉ የተንጋደደ ነው። እኔን ላለማጋለጥ ሆን ብለው እንዳጣመሙት ያስታውቃል። በመጨረሻው ገጽ የልጃችሁን ስም ጻፉ ተብላችኋል። እሱን ማጣመም ግን አልሆነልዎም። «አስማማው» የሚለው ስሜ፣ ወንጌል በሚጽፉበት በዚያ በቁም ጽሕፈትዎ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ደብተሩን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

አሁን ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ ልብ ወለዱ ሊታተም ነው፣ ንጹሑን ቅጂ ላክ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ደብዳቤ ነው፤ ደስ ግን አላለኝም። እርስዎ ሲገለብጡ መስመር የዘለልዎ እንደ ሆነ፣ በቦታው ምልክት አድርገው የተዘለለውን ከላይ ኅዳጉ ላይ ይጽፉት ነበር። ልጅ ሆኜ ገጹ አይበላሽም ወይ ብልዎ «የጎደለውን ደብቄ ለማን ልሰጠው ነው?» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬን ወደ ሐይቁ አዙሬ ከብርዖችዎ አንዱን ቀለም ነከርሁ። እዚያ ምዕራፍ ላይ ምልክት አደረግሁና ከላይ ኅዳጉ ላይ እንዲህ ጻፍሁ፦ «ልጁን ፊደል ያስቆጠሩት አባቱ ናቸው፤ ቁም ጸሐፊ ነበሩ።» በዚህ አንድ መስመር ታሪኩ ሁሉ ይፈርሳል። ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው፤ ላይታተምልኝም ይችላል። ነገ ደግሞ ቅጼን ላስተካክል ወደ ቢሮ እሄዳለሁ። እፈራለሁ፤ ለእርስዎ አልዋሽም።

ጽሕፈቴ እንደ እርስዎ አልቀናም፤ ብርዑ እጄን አላወቀውም። ውዬ አድሬ እማረዋለሁ። እስክሞት ድረስ ግን፣ አባቴ፣ ማን አስተማረህ ባሉኝ ቁጥር እርስዎን አልዘልም።

ፊደል ያስቆጠሩት ልጅዎ
አስማማው