ለአባባ የላክኸው መሰርሰሪያ

ይድረስ ስቶክሆልም ለተመቸው ወንድሜ ለኡርፖ፤ ከነሞቀ ቤትህ እንዴት ከርመሃል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

ለአባባ የላክኸው ባለሞተር የበረዶ መሰርሰሪያ ገመዱን አንዴ ሲስቡት ይነሳል። ደስ ይበልህ። በእጅ ሲሰረስር ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ቀዳዳ ሳይሞላ ደክሞት ይመለስ ነበር። ማክሰኞ ግን በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ አሥራ አንድ በስቶ መጣ። ሰው እንዳይገባበት በየቀዳዳው የጥድ ቅርንጫፍ መትከልን ያስተማረን እሱ ነው፤ አንዱም ላይ አልተከለም። ወጥቼ የተከልኩት እኔ ነኝ። መንጠቆውም ቤት ቀርቷል።

«ዓሣውስ?» ስለው፣ «የምን ዓሣ?» አለኝ።

«ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ አለ፣ ልቀይርለት?» ብለህ ጽፈሃል። ከሩቅ ሆኖ መምረጥ ታውቅበታለህ። ቀይርለት፤ ብቻ የማይነሳውን ምረጥ።

በል ጤና ሁን። አባባም ሰላም ብሎሃል ብዬ ልጻፍልህ።

እህትህ ራይያ